ክረምት ሲወጣ የጓሮና የግቢ ጽዳት



ነሐሴ ተገባዶ ጳጉሜን ስትገባ በየቤቱ ሥራ ይበዛል። እናት ለዓውደ ዓመት ግድግዳውን ትለስናለች፤ መደቡን ትለቀልቃለች፤ ዕቃውን ታጥባለች፤ ቄጠማውን ታዘጋጃለች። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው መልካም ልማድ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ከበሩ ወጣ ብለን ጓሮውን ስንመለከት የምናየው ሌላ ነው። ሣሩ በክረምቱ ዝናብ አድጎ ግድግዳውን ተደግፏል። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ በአረም ተውጧል። ከአጥሩ ሥር የተጣለው ሰባራ እንስራ ውሃ አቁሯል። ለልስኑ ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድም ኩሬ ሆኗል።

ቤቱ ጸድቶ ጓሮው ከቀረ ሥራው ገና ግማሽ ነው። ሕፃናት የሚጫወቱት ጓሮ ነው፤ ዝንቡም ቢምቢውም የሚራባው በዚያው በጓሮና በአካባቢው ነው። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ክረምቱ እስከሚወጣበት እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ በግቢያችሁ ውስጥ ምን ምን መሠራት እንዳለበት፣ የቱ መቅደም እንደሚገባውና ምክንያቱም ምን እንደሆነ በቀላል አነጋገር እንገልጽላችኋለን።

እኛ ራሳችን የተሳሳትነው

መጀመሪያ የራሳችንን ስሕተት እንንገራችሁ፤ ከሌላው ትምህርት ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማልና።

ገና ተማሪዎች ሳለን ለልምምድ ወደ አንድ ወይና ደጋ ቀበሌ ተልከን ነበር። ጊዜው የመስከረም መጀመሪያ ነው። ከገባንባቸው ቤቶች በአንዱ ሦስት ልጆች ያሏቸው እናት ነበሩ። ቤታቸው ጽዱ ነው፤ ጓሯቸው ግን ሣር ውጦታል። እኛም፣ «እትዬ፣ ይህ ሣር የቢምቢ መደበቂያ ነውና ያሳጭዱት» አልናቸውና ወደ ሚቀጥለው ቤት ሄድን። እርሳቸውም የተባሉትን በሙሉ ፈጸሙ።

በጥቅምት ወር ተመልሰን ስንሄድ መካከለኛው ልጅ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ አገኘነው። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆነ። እናትየውም፣ «ልጆቼ፣ ያላችሁትን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ሣሩንም አጨድሁ። ታዲያ ይህ ልጅ ስለምን ታመመ?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን። መምህራችን ግን ወደ ጓሮ ይዘውን ሄዱና ለልስን ጭቃ ከተቆፈረው ጉድጓድ በነጭ ጭልፋ ውሃ ቀድተው አሳዩን። በውሃው ላይ ቀጫጭን ትሎች ተጋድመው ይታያሉ። የወባ ትንኝ እጮች ነበሩ።

ያን ጉድጓድ እኛም በመጀመሪያው ቀን አልፈነው ነበር፤ በሣር ስለተሸፈነ አላስተዋልነውም። የወባ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ውሃ ስለሆነ፣ ሣሩ ታጭዶ ውሃው ሲቀር የትንኟን ችግር አላባባስንባትም፤ እንዲያውም ፀሐዩን ከፈትንላት። ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ታክሞ ዳነ። የእናቱ ጥያቄ ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ቤተሰብ ስለ ግቢ ጽዳት ስንናገር «መጀመሪያ ውሃው፤ ቀጥሎ ሣሩ» እንላለን።

ሳምንት አንድ ቀን የምንለው ስለምን ነው?

የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በውሃ ላይ ነው። በአገራችን ወባን በብዛት የምታስተላልፈው ትንኝ ትልቅ ወንዝ ወይም ጥልቅ ሐይቅ አትፈልግም። ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ዝናብ ያቆረው ውሃ ይበቃታል። የከብት ኮቴ በረገጠበት ቦታ የቆመ ውሃ እንኳ ለእርሷ ቤት ነው። እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ እጭ ይሆናል፤ በመጨረሻም ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ይህ ሁሉ ሙቀት ባለበት አገር ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል፤ ቅዝቃዜ ባለበት ግን ይዘገያል።

ዝንብም እንዲሁ ነው። እንቁላሏን በእርጥብ ቆሻሻ ላይ ትጥላለች፤ እንቁላሉ ትል ይሆናል፤ ትሉም ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ በሞቃት ወራት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል።

እንግዲህ አስተውሉ። ቢምቢውም ሆነ ዝንቡ ክንፍ ለማውጣት አንድ ሳምንት ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ውሃውን ያፈሰሰና እርጥቡን ቆሻሻ ያነሣ ቤተሰብ፣ አብዛኛውን ክንፍ ሳያወጣ ይቀድመዋል። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ መድከም አያሻም። ነገር ግን አንድ ቀን በትጋት ሠርቶ ለሁለት ወር መተው ምንም አይጠቅምም። የምንነግራችሁ ነገር ሁሉ ዋናው ይህ ነው።

የመስከረም ኩሬ የጥቅምት ትኩሳት ነው። ትንኟ በመስከረም ትፈለፈላለች፤ የታመመ ሰው ነክሳ የወባውን ተውሳክ ትወስዳለች፤ ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ አንድ ሳምንት ተኩል ያህል ከቆየ በኋላ ጤነኛውን ነክሳ ታስተላልፍበታለች፤ በዚያም ሰው ላይ ትኩሳቱ እስኪታይ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያልፋል። ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሰኔ 1950 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በአገራችን ደጋማና ወይና ደጋ ቦታዎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2024 ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ዛሬ መድኃኒትና አጎበር ስላለ ሞቱ እንደ ድሮው አይደለም፤ በሽታው ግን ከደጃችን አልራቀም።

አንደኛ ሥራ፤ የቆመ ውሃን ማጥፋት

ግቢያችሁን ከበሩ ጀምራችሁ እስከ አጥሩ ድረስ ዙሩት። ልጆችንም አስከትሉ፤ የልጅ ዓይን ብዙ ያያል። ውሃ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ቁጠሩ፤ ከዚያም እንደሚከተለው አድርጉ።

1. ለልስን ጭቃ የተቆፈረውን ጉድጓድ በአፈርና በድንጋይ ደፍናችሁ ርገጡት። መድፈን ካልተቻለ ቦይ አውጥታችሁ ውሃውን ወደ ተዳፋቱ አፍስሱት። ለሚቀጥለው ዓመት ጭቃ የምታወጡ ከሆነ ጉድጓዱ ተዳፋት ላይ ይሁን፤ አንድ ወገኑም ክፍት ሆኖ ውሃ የሚያስወጣ ይሁን።

2. ከብቶች ውሃ የሚጠጡበትንና የሚቆሙበትን ቦታ በጠጠር ወይም በድንጋይ አጠንክሩት። ኮቴ የጎደጎደውን በዶማ ደልድሉት።

3. ሰባራ እንስራ፣ ገል፣ አሮጌ ድስት፣ ቆርቆሮ፣ የመኪና ጎማና ባዶ ጀሪካን ውሃ እንዳይዝ አስወግዱት ወይም ደፍታችሁ አስቀምጡት። ቀድሞ የወባ ትንኝ በዕቃ ውስጥ ባለ ውሃ ብዙ አትራባም ይባል ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሀር ከተማ ከእስያ የመጣ ሌላ ዓይነት የወባ ትንኝ ተገኝቷል። ይህኛው በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ ለመጠጥና ለማጠቢያ ያጠራቀማችሁትን ውሃ ሁልጊዜ ክደኑ።

4. ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይቆም ቦዩን ከቅጠልና ከደለል አጽዱ።

5. በግቢያችሁ በቆሎ ያለ እንደሆነ፣ በበቆሎው አጠገብ ያለውን ኩሬ ከሁሉ አስቀድማችሁ ድፈኑ። በቆሎ ሲያብብ የሚበነው ቢጫ ዱቄት በውሃው ላይ ሲያርፍ የትንኝ እጮች ይመገቡታል፤ ቶሎም ያድጋሉ። ይህም በአገራችን በተደረገ ምርምር ታይቷል። በቆሎ አትዝሩ ማለታችን አይደለም፤ ከኩሬ አጠገብ አይሁን ማለታችን ነው።

ውሃው እጭ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ብትፈልጉ በነጭ ኩባያ ቀድታችሁ ጥቂት ታገሡና ተመልከቱ። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ፊት ሥር ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል፤ ጥላ ሲያርፍበት ወይም ሲነካ ፈጥኖ ይሸሻል።

ሁለተኛ ሥራ፤ የመጸዳጃ ቤቱ መንገድና የከብቱ ቦታ

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። መጸዳጃ ቤት እያለ ልጆች ከቤት ጀርባ የሚቀመጡት ስለምን ነው? ብዙ ጊዜ መንገዱ ስለሚያስፈራቸው ነው። በክረምት መንገዱ ይጨቀያል፤ ሳማው ይለበልባል፤ ሣሩ ውስጥ እባብ ይኖራል ብለው ይሠጋሉ። ታዲያ ልጁን ከመቆጣት በፊት መንገዱን መጥረግ ይቀድማል።

ይህን የምንለው ለውበት አይደለም። በልጆች ዓይን ላይ የምታርፈውና የትራኮማን በሽታ ከዓይን ወደ ዓይን የምታዛምተው ዝንብ ከሁሉ ይልቅ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ግን እንደዚያ አትራባም። ትራኮማ ቆይቶ የዓይን ሽፋንን ወደ ውስጥ ይቀለብሳል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይንን እየቧጠጠ ያሳውራል። በአገራችን ገና ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ይሠቃያል፤ ከወንድ ይልቅም ሴት ትጎዳበታለች፤ ልጆችን የምትይዝ እርሷ ናትና።

ስለዚህ፦

1. ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን መንገድ ወርዱን ሁለት ክንድ ያህል አድርጋችሁ እጨዱ፤ በሚጨቀየው ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩ።

2. ዝናቡ የጉድጓዱን አፍ ሸርሽሮት እንደሆነ፣ ወለሉን የተሸከመው እንጨትም በስብሶ እንደሆነ ልጅ ሳይገባ አባወራው ይመርምረው። የበሰበሰው እንጨት ይለወጥ።

3. ቀዳዳው ክዳን ይኑረው፤ አመድም አጠገቡ ይቀመጥ። ከተጠቀሙ በኋላ አመድ መነስነስ ሽታና ዝንብ ይቀንሳል።

4. በጓሮ የወደቀውን የሕፃን ዓይነ ምድር በአካፋ እያነሣችሁ ወደ ጉድጓዱ ጣሉት። የሕፃን ነውና ንጹሕ ነው የሚለው አባባል እውነት አይደለም።

5. የከብቱን እበት ከደጅ አትከምሩት። ትል የሚኖረው በእርጥብ ነገር ውስጥ ነው፤ በደረቅ ውስጥ አይኖርም። ስለዚህ ኩበት የምትጠፈጥፉ ከሆነ ፀሐይ እንደወጣ ስስ አድርጋችሁ ጠፍጥፉና እያገላበጣችሁ ቶሎ አድርቁት። ለማሳ የሚሆነውን ግን ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አንድ ጋት ያህል አፈር አልብሱት።

ጠዋት ጠዋት የልጆችን ፊት ማጠብ ደግሞ ከዚህ ሥራ የማይለይ ነው። ውሃ ሩቅ ከሆነ ቅል ወይም ቆርቆሮ በምስማር በስታችሁ በአጥሩ ላይ ስቀሉ። በትንሿ ቀዳዳ በሚወርደው ጥቂት ውሃ የብዙ ልጆች ፊትና እጅ ይታጠባል። ዓይናር የሌለበትን ዓይን ዝንብ ብዙ አይደፍረውም።

ሦስተኛ ሥራ፤ የሚነቀለውና የሚቀረው

ውሃው ከደረቀና መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ወደ ሣሩና ወደ አረሙ እንሄዳለን። ከግድግዳው ዙሪያ ሁለት እርምጃ ያህል ስፍራ ምንም ሣር ሳይቀርበት ይታጨድ። ይህ ባዶ ቦታ አይጥንና እባብን ከቤት ያርቃል፤ ግድግዳውም እንዳይበሰብስ ያደርጋል።

ከአረሞቹ መካከል አስተናግር የሚባለውን ከሁሉ አስቀድማችሁ ንቀሉ። አበባው ነጭ ጡሩንባ የመሰለ፣ ፍሬው እሾሃማ ነው፤ በክረምት ወራት በቆሻሻ መጣያና በበረት ዙሪያ ይበቅላል። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ የበላው ሰው ይለፈልፋልና። አፍ ይደርቃል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ አእምሮ ይታወካል፤ ሲበዛም ይገድላል። ልጆች በፍሬው ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ዘሩም ከእህል ጋር ይቀላቀላል። ፍሬው ሳይፈነዳ ከነሥሩ ነቅላችሁ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

ጉሎም በግቢ ይገኛል፤ ምጣድ ለማሰስም ያገለግላል። ንቀሉት አንልም፤ ፍሬው ግን ለሕፃን አደገኛ መርዝ ነው። ለቅማችሁ ከልጅ እጅ በራቀ ቦታ አስቀምጡት።

በአጥር ላይ ያለውን እንዶድ አትቁረጡት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የብልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው በዓለም የታወቀ ነገር ነው። እናቶቻችን ለልብስ ብቻ የያዙት ቁጥቋጦ ይህን ያህል ነገር ኖሮበታል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እንዶድ የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም፤ ሰውን ይመርዛል፤ ለመጠጥ በሚቀዳ ውሃም አይጨመርም።

ጎመኑን፣ ዱባውን፣ ቃሪያውን፣ ጤና አዳሙንና በሶብላውን እየኮተኮታችሁ አቆዩ። ጎመንና ዱባ ለሕፃናት ዓይን ብርታት የሚሰጡ ምግቦች ናቸው። ጤና አዳም ወይም በሶብላ ቢምቢ ያባርራል የሚሉ አሉ። ቢተከል አይጎዳም፤ ነገር ግን በአጎበር ፋንታ የሚሆን ተክል የለም።

አራተኛ ሥራ፤ ቅርንጫፍ መመልመል

አሁን ገጀራ ተይዞ ዛፉ ሁሉ የሚቆረጥበት ጊዜ አይደለም። ቡናን ጎንድሎ ማደስ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በበጋ የሚሠራ ነው። ኮክም ቅጠሉን ሲያራግፍ በበጋው ይመለመላል። በዚህ ወራት የሚቆረጡት የሚከተሉት ብቻ ናቸው።

1. የደረቀ፣ የተሰበረና የበሰበሰ ቅርንጫፍ።

2. ጣሪያ የነካ ወይም ግድግዳ የተደገፈ ቅርንጫፍ፤ አይጥ በእርሱ ላይ ወደ ቤት ትሻገራለችና።

3. በጌሾውና በሎሚው ሥር ወደ መሬት የተንጠለጠለውና እርስ በርሱ የሚፋተገው። ነፋስና ፀሐይ ሲገባበት ተክሉም ይጠነክራል፤ ከሥሩ ያለው መሬትም ቶሎ ይደርቃል።

አቆራረጡም እንዲህ ነው። ዝናብ በማይዘንብበት ቀን፣ በተሳለና በጸዳ ቢላዋ ወይም መጋዝ ይሁን። ቀጭኑን ቅርንጫፍ ከእንቡጡ ትንሽ ከፍ ብላችሁ፣ ውሃ እንዳይቆምበት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ወፍራሙን በመጀመሪያ ከበታቹ ጥቂት ገዝግዙት፤ ከዚያ ከላይ ቁረጡት፤ እንዲህ ካልሆነ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይሄዳል። ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ስታልፉ ቢላዋውን እጠቡት፤ የዛፍም በሽታ በቢላዋ ይተላለፋልና።

የሎሚውን እሾህ በግቢው ተበትኖ አትተዉት። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይወጋል። በእሾህና በዛገ ብረት ቁስል መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ገዳይ በሽታ ሊገባ ይችላል። የተወጋውን ቦታ ወዲያው በውሃና በሳሙና አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እበት ወይም አፈር አታድርጉበት። ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት የዚህን በሽታ ክትባት በጊዜው ይከተቡ።

የታጨደውና የተቆረጠው ወዴት ይሂድ?

ብዙ ቤተሰብ እስከዚህ ድረስ በሚገባ ይሠራና የታጨደውን ሁሉ በአጥር ሥር ከምሮ ይተዋል። ክምሩም በእርጥበቱ ይበሰብስና ለዝንብ ማሳደጊያ፣ ለአይጥ መኖሪያ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ቦታ ለዩ።

እንጨት የሆነው ለማገዶ ይሁን። በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳውም አርቃችሁ ደርድሩት። ሳይደርቅ እቤት ውስጥ አታንድዱት፤ የእርጥብ እንጨት ጭስ የሕፃናትን ደረት ይጎዳል።

ሣርና ቅጠሉ ብስባሽ ይሁን። ዝናቡ ፈጽሞ ሳያቆም ጉድጓድ ብትቆፍሩለት ውሃ ይሞላዋል፤ ስለዚህ በመሬት ላይ ከምሩት። አንድ ረድፍ እርጥብ ሣር፣ አንድ ረድፍ ደረቅ ገለባ፣ ጥቂት እበትና አመድ፣ ከላይ አፈር እያደረጋችሁ ደራርቡት። በየሁለት ሳምንቱ ብታገላብጡት ውስጡ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ትሉን ይገድላል። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለጎመን መደብ እጅግ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ዘር የያዘ አረምና የሰው ዓይነ ምድር ግን አይግባበት።

ፕላስቲክ፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና የመሳሰለው የማይበሰብስ ነገር ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ውሃ እንዳይዝም ይደፋ። ፕላስቲክ በቤት አጠገብ ወይም በምድጃ አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

በሥራው ጊዜ ሁሉ ጫማ ይደረግ። በቀይ አፈር ደጋ አገር ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሠራ ሰው እግሩ እያበጠ ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ይህ እርግማን አይደለም፤ ከዘር የመጣ ቁጣም አይደለም። በተፈጥሮው ለአፈሩ የሚቆጣ እግር ያለው ሰው ጫማ ቢያደርግና ማታ ማታ እግሩን በሳሙና ቢታጠብ ራሱን ሊጠብቅ ይችላል።

ሥራውን ማን ይሥራው?

ይህን ሁሉ ለእናት ብቻ መስጠት ፍርድ አይደለም። እርሷ ውሃ ትቀዳለች፤ ትጋግራለች፤ ልጅ ታጠባለች። ጉድጓድ መድፈንና ቅርንጫፍ መመልመል የአባት ሥራ ይሁን። እበት ማንሣትና መንገድ መጥረግ ለአደጉት ወንዶችና ሴቶች ልጆች በእኩል ይከፈል። ትንንሾቹ ገልና ቆርቆሮ ይደፉ። አንድ ጊዜ በርትቶ ከተሠራ በኋላ ሳምንታዊው ሥራ ከአንድ ጠዋት አይበልጥም። ቀኑን እናንተ ምረጡ፤ ሥራ የማይከለከልበት ቀን ይሁን፤ ከተመረጠ በኋላ ግን አይለወጥ።

ጎረቤትም ተሰብስቦ ቢሠራ እጅግ ይሻላል። ቢምቢ አጥር አያግደውም። የእናንተ ግቢ ደርቆ የጎረቤት ኩሬ ከቀረ ማታ እርሱ ያሳደገው እናንተን ይነክሳል። በእርሻ ደቦ የሚጠራራ ሰው ለኩሬ መድፈኛም አንድ ቀን ደቦ ቢጠራ ምን ይከብደዋል?

አጎበር፣ የግድግዳ ርጭትና ትኩሳት

የግቢ ጽዳት ብቻውን ወባን አያስቀርም፤ የምናጸዳው በአጥራችን ውስጥ ያለውን ነው፤ ትንኝ ግን ከመስኩም ትመጣለች። ስለዚህ ወባ ባለበት አገር ሁሉም ሰው፣ ከሁሉም በላይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች፣ በየሌሊቱ በአጎበር ውስጥ ይተኙ። የተቀደደው ይሰፋ፤ ለእህል መሸፈኛም አይዋል።

ቤታችሁ የወባ መከላከያ መድኃኒት የተረጨ እንደሆነ ከርጭቱ በኋላ ግድግዳውን አትለስኑት። መድኃኒቱ የሚሠራው ትንኟ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ነውና አዲስ ጭቃ ወይም እበት ከሸፈነው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ለዓውደ ዓመቱ መለሰን የፈለገ ቤተሰብ ከርጭቱ በፊት ይለስን። የርጭቱንም ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ልጅ ትኩሳት ከያዘው «እስቲ እንየው፤ ምች ይሆናል» ብላችሁ አትቆዩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደሙ ይመርመር፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ቢሻለው እንኳ እስከ መጨረሻው ይጨርስ። ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ራሱን ከሳተ ሌሊትም ቢሆን አትዘግዩ።

በመጨረሻ

በዚህች ጽሑፍ የነገርናችሁ ብዙ ነው፤ ሁሉን በአንድ ቀን ማድረግ ያልተቻለው ቤተሰብ ቢያንስ ሦስቱን ይያዝ። የቆመውን ውሃ ያፍስስ ወይም ይድፈን። የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ ይጥረግ። ይህንንም በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ይመልከት። ሣሩና ቅርንጫፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ያቺ እናት በጥቅምት ወር የጠየቁንን ጥያቄ ዛሬ ቢጠይቁን፣ «እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ እኛ ቅደም ተከተሉን አልነገርንዎትም» ብለን እንመልስላቸው ነበር። አሁን ለእናንተ ነግረናችኋል። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።

አዲሱ ዓመት ልጆቻችሁ በአደይ አበባው መካከል በጤና የሚሮጡበት ዓመት ይሁንላችሁ።